ትርሲትን ያሳቅኩባቸው ዐሥራ አራት ቀናት

ባለፈው እሁድ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በአንዱ ተቀምጬ፣ ሐኪሜ የከለከለኝን ጥሬ ሥጋ ሐኪሜ ከፈቀደልኝ ሰላጣ ጋር እያጣጣምኩ ሳለ፣ የጓደኛዬ ልጅ ቤዛ ስልኳን አምጥታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ቤዛ እዚሁ አትላንታ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ካገባች ወር አልሞላትም። ከባሏ ጋር አውሮፓን ዞራ ገና መመለሷ ነው።

«ጋሽ ደሬ፣ እየው እስቲ፣ ላይክ፣ ቬኒስ እኮ ነው። ሄደህ ታውቃለህ?»

«አንዴ ሄጃለሁ።»

«ሪሊ? ከማን ጋር?»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። የሠላሳ ምናምን ዓመት ጓደኛዬ ስለሆነ ከማን ጋር እንደሄድኩ ያውቃል። እኔም እንደ ልማዴ አንድ ቀልድ ፈለግኩና «ከአርባ ሦስት ጡረተኛ ፈረንጆች ጋር» አልኳት። ውሸት አልነበረም። ቤዛ ሳቀች፣ ባሏም ሳቀ። እኔ ግን ሥጋው ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አልወርድ አለኝ። ቤቴ ገብቼም እስከ ማግስቱ አልወረደም። እናም ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ፤ የማይወርድ ነገር ወይ ይተፋል ወይ ይጻፋል።

ነገሩ በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፣ በፈረንጆቹ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ጸጉርም ነበረኝ። ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል የሸትል ሾፌር ነበርኩ። ሥራዬ እንግዳ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ማመላለስ ነው። ቀኑን ሙሉ ስነዳ እውልና የትም ሳልደርስ እገባለሁ። ሰው ሁሉ በእኔ መኪና ወደ ዓለም ይሄዳል፤ እኔ ሻንጣውን አውርጄ እጄን አውለበልባለሁ።

ትርሲት ባለቤቴ ነበረች። ፓይን ሌክ አጠገብ አንድ መኝታ ቤት አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። የተዋወቅነው ካርቱም ነው፣ ለውሃ ተሰልፈን። የሆነ ነገር ተናግሬ አሳቅኳት። ትርሲት ስትስቅ መጀመሪያ ድምፅ የለም፤ ትከሻዋ ነው የሚስቀው። ድምፁ ኋላ ይመጣል፣ ከመጣ ደግሞ አይመለስም። ያን ትከሻ ካየሁ በኋላ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ዕድሜዬን በሙሉ ያን ትከሻ ሳንቀሳቅስ ልኖር ወሰንኩ።

ትርሲት ለእናቷ አንድ ናት። እናቷን «እታበባ» ነው የምትላቸው። አባቷ በልጅነቷ ሞተው እናትና ልጅ ብቻቸውን ነው የኖሩት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የታሪክ ትምህርት አንድ ዓመት እንደተማረች ነገሩ ሁሉ ተበላሸ፣ ጓደኞቿ መታሰር ጀመሩ። አንድ ቀን «እታበባ፣ ደብረ ዘይት ደርሼ መጣሁ» ብላ ወጣች፤ ያው በሱዳን በኩል ወጣች። እናቷ ራት ይዘው ጠብቀዋታል። ይሄን ስታወራ ሁሌም እዚያች ራት ላይ ስትደርስ ታቆማለች። «አንድ ቀን ፊት ለፊት ቆሜ ዋሽቼሽ ነበር እላታለሁ» ትለኝ ነበር። ያኔ ከአገር ቤት ደብዳቤ ለመድረስ ሁለት ወር ይፈጃል፤ ለስልክ ደግሞ ጎረቤት ቤት መጥራት ነው። ስለዚህ ወሬ ከጠፋ ደህና ናቸው ማለት ነው።

ዕጣው የወጣልኝ የሆቴሉ ሠራተኞች የገና ግብዣ ላይ ነው። እንግዶቻቸውን ወደ እኛ የሚልክ አንድ የቱር ድርጅት ለሁለት ሰው ሁለት ሳምንት በአውቶቡስ የሚያስጎበኝ ቲኬት ሰጥቶ ነበር። ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ሉሰርን፣ ፓሪስ። በሕይወቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም። ትርሲት ከጥር ጀምሮ የላይብረሪ መጽሐፍ እያመላለሰች ደብተር ሞላች። የትኛው ቤተ ክርስቲያን በማን ተሠራ፣ የትኛው ድልድይ መቼ ተቃጠለ። ያቋረጠችውን ትምህርት እግዚአብሔር በአውቶቡስ የላከላት ነው የመሰላት።

ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረን ጋሽ ታደለ ደወሉልኝ። ጋሽ ታደለ አገር ቤት ዳኛ ነበሩ። እዚህ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት ይቀበላሉ። ለአትላንታ ሐበሻ ግን ያኔም ዳኛ ናቸው፤ ጥል የሚያስታርቁ፣ መርዶ የሚያረዱ እሳቸው ነበሩ። «ለብቻህ ና» አሉኝ። ሄጄ ፓርክ አድርጌ መስታወት ቤቷ ውስጥ ተጠጋግተን ቆምን።

«ደረጀ፣ ልብህን ያዝ። የትርሲት እናት አርፈዋል።»

መኪና መጣ። ቲኬቱን ተቀበሉ፣ «ሃቭ ኤ ጉድ ደይ» አሉ፣ መዝጊያው ተነሳ፣ መኪናው ሄደ።

«ልባቸው ነው። ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ዋሽንግተን ያለው የወንድማቸው ልጅ ነው የደወለልኝ።»

«ጋሽ ታደለ፣ እኛ እኮ ሐሙስ ልንሄድ ነው።»

«ለሱ እኮ ነው የጠራሁህ። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረንበታል። ሄዳችሁ ተመለሱ። ሐዘን አያመልጥም፤ አውሮፕላን ነው የሚያመልጠው።»

ሌላ መኪና መጣ። መዝጊያው ተነሳ፣ ወረደ።

«ማወቅ የምትፈልግ አይመስልዎትም?»

«አውቃስ? አገሯ አትገባ፣ አትቀብር። ያቺ ልጅ ዕረፍት አይታ ታውቃለች? ሁለት ሳምንት ደስ ይበላት፣ ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ ታለቅሳለች። አንተ ደግሞ እግዚአብሔር ጨዋታ ሰጥቶሃል። አጫውታት።»

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ የእኛ ነገር እንዲህ ነው። ሞት በድንገት አይነገርም። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ ተሂዶ፣ የሚይዝ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነው መርዶ የሚነገረው። እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ጋሽ ታደለ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከአባቶቻቸው የተማሩትን ነው ያደረጉት።

እኔ ግን እውነቱን ልናገር። ከዚያ መስታወት ቤት ስወጣ ለእሷ አዝኛለሁ፤ ግን ከሐዘኑ ሥር፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ደስ ብሎኛል። ጉዞው አልቀረም። ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር አንድ ቀን መንገደኛ ሊሆን ነው። «ሽማግሌ ያዘዘኝን ነው የማደርገው» ብዬ ኅሊናዬን አስተኛሁት። ለመተኛት ብዙም አላስቸገረኝም።

ሮም የገባነው ዓርብ ነው። ፋሲካ ባለፈ ሰሞን፣ በዓለ ሃምሳ ነበር፤ ጾም የለም። ትርሲት በዓርብ ምድር ሥጋ ያለበት ፓስታ ቀርቦላት አንዴ ጎረሰችና፣ አስተናጋጁን በጣሊያንኛ «ግራሲያስ» አለችው፤ ስፓኒሽ መሆኑን የነገራት የለም። ለእኔ በአማርኛ «የፒያሳው ይበልጣል» አለችኝ። አብረውን የሚጎበኙት ከጆርጂያና ከአላባማ የመጡ ጡረተኞች ናቸው። አማካይ ዕድሜያቸው ከኮሎሲየሙ ትንሽ ያንስ ነበር። ከፊታችን ቢጫ ጃንጥላ የያዘች ጣሊያናዊት አስጎብኚ ትሄዳለች፤ እኛ እንደ ጫጩት እንከተላታለን። ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱ ሲቆም ሳላስበው ወርጄ የሰው ሻንጣ እጭናለሁ፤ እጄ የለመደው ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ጠቀም ያለ ጉርሻ ሰጥተውኝ «የሚቀጥለው ሸትል በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። ትርሲት ግድግዳ ተደግፋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እኔ በውስጤ ሳቋን እቆጥራለሁ። አንድ።

የአክሱም ሐውልት ያኔ ገና እዚያው ሮም ነበር፣ መኪና በሚዞርበት አደባባይ ዳር ቆሞ። ከጉብኝቱ ተነጥለን በእግራችን ሄድን። ትርሲት አንጋጣ ብዙ ቆመች።

«ስንት ዓመቱ ነው እዚህ ከመጣ?» አለች፤ እሷ ታሪክ የተማረችዋ እያወቀች።

«ከእኛ በላይ ቆይቷል» አልኳት። «ግሪን ካርዱ ግን እስካሁን አልደረሰለትም።»

ሳቀች። በውስጤ ሁለት አልኩ። ከዚያ ሳቋ አልቆ «እሱም እናቱን ሳይሰናበት ነው የወጣው» አለች። ካሜራውን አስተካክላለሁ ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ሄድን። ጣሊያን ቤት የሚሠሩ የአገራችን ሴቶች እሁድ ዕረፍታቸው ስለሆነ እዚያ ይሰበሰባሉ። አንዷ ጠና ያሉ ሴትዮ አማርኛ ስንናገር ሰምተው ቀረቡን። ሰላምታ፣ እንዴት ናችሁ፣ ከወዴት ናችሁ።

«ሰፈርሽ የት ነው የኔ ልጅ?» አሏት። ነገረቻቸው። «ታዲያ እኔም የዚያው ሰፈር አይደለሁ? የማን ልጅ ነሽ?»

«የወይዘሮ አበባ።»

የሴትዮዋ ፊት ተቀየረ። ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አንስተው እኔን አዩኝ። እኔም እንዳይነግሯት ጭንቅላቴን ትንሽ፣ የጣት ያህል፣ ነቀነቅኩ። ሴትዮዋ ለአንድ አፍታም አላመነቱም። «ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው፣ ሰላም ነው የምሰማው» ብለው ትርሲትን እቅፍ አደረጓት። ቶሎ አልለቀቋትም። በትከሻዋ ላይ አሻግረው እያዩኝ ዓይናቸው ሞላ። ከዚህ በፊት ተያይተን የማናውቅ ሁለት ሰዎች፣ በሰው አገር መንገድ ላይ፣ ያለ ቃል ተስማማን።

«ምን ሆነው ነው እንዲህ አጥብቀው ያቀፉኝ?» አለችኝ ስንመለስ።

«ጣሊያኖቹ በበቂ አያቅፏቸውም መሰለኝ።»

ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ። ሦስት።

ፍሎረንስ ላይ ጫማ ገዛች። ጥቁር፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ቆዳው እንደ ቅቤ። ለእናቷ ነው። «በሰው አስይዤ እልክላታለሁ» አለች። ባለ ሱቁ ቁጥር ሲጠይቃት ራሷ ተቀምጣ ለካችው። «የእታበባ እግርና የእኔ አንድ ነው። ልጅ ሆኜ ጫማዋን ሰርቄ አድርጌ እወጣ ነበር» አለችኝ። ቡኒውም ጥቁሩም አምሯት «አንተ ምረጥላት» ስትለኝ ጥቁሩን መረጥኩ። ለምን ጥቁሩን እንዳልኩ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን።

ይሄ አልበቃም። «አዲስ ጫማ እግሯን ያሳምማታል፣ እኔ ላለስልስላት» ብላ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱን ማድረግ ጀመረች። ፍሎረንስን በሙሉ፣ በዚያ ድንጋይ በተነጠፈ መንገድ፣ በእናቷ ጫማ ዞረች። ማታ ተረከዟ ውሃ ቋጥሮ ታሳየኛለች። «ተይው፣ ይበቃዋል» ስላት «እኔ ልጅ ነኝ፣ ይድናል፤ የእሷ እግር አሮጌ ነው» ትለኛለች። እኔ አጠገቧ ስሄድ የምሰማው የጫማውን ድምፅ ብቻ ነበር። ያን ድምፅ ላለመስማት አወራለሁ፣ እቀልዳለሁ፣ አስጎብኚዋን አስመስላለሁ፣ ሐውልት አስመስላለሁ። ሰው ሲጨንቀው የሚጸልይ አለ፣ የሚጠጣ አለ። እኔን ሲጨንቀኝ ሳቅ ይወጣኛል። በዚያ ሁለት ሳምንት ደግሞ እንደዚያ ተጨንቄ ስለማላውቅ፣ እንደዚያም አስቂኝ ሆኜ አላውቅም።

ቬኒስ፣ ያ ቤዛ ያሳየችኝ ቦታ፣ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሻማ ለኮሰች። «ለእታበባ ጤና» አለች። አንድ ለእኔም ሰጠችኝ። ሻማዬን ይዤ ቆምኩ። ለሞተ ሰው ጤና መለመን ኃጢአት ይሁን አይሁን የምጠይቀው ቄስ አልነበረም። ዝም ብዬ ከእሷ ሻማ አጠገብ ተከልኩት።

ሉሰርን የምትባል የስዊስ ከተማ ስንደርስ ሚስ ዶሪስ ያዙኝ። ሚስ ዶሪስ ጆርጂያ ውስጥ ካለችው ከሜከን ከተማ የመጡ አሮጊት ናቸው። ባላቸው በዚያው ክረምት ሞተውባቸው፣ ለሁለት የተገዛውን ጉዞ ብቻቸውን ነው የመጡት። አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላችን ስለሚቀመጡ ወሬያችን ባይገባቸውም ሳቃችንን ይሰሙ ነበር። ሐይቁ ዳር ቡና ስጠጣ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ከልክ በላይ ታስቃለህ። የእኔም ባል እንደዚህ ያደርገው የነበረው ካንሰሩን የደበቀኝ ጊዜ ነው። ምንድን ነው የያዝከው?»

ነገርኳቸው። በራሴ ቋንቋ ለማንም ያልተነፈስኩትን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለአንዲት የሜከን አሮጊት ዘረገፍኩት።

«ዛሬውኑ ንገራት።»

«በእኛ ባህል ለብቻ አይነገርም። የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል፣ አብሯት የሚያለቅስ። እዚህ ማን አላት?»

«አንተ አለሃት» አሉኝ። «እኔም አለሁ።»

ትርሲት ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ጫማውን አውልቃ አጠገቧ አድርጋዋለች፣ እግሯ ሣር ላይ ነው። ተራራው ላይ ገና በረዶ አለ፣ ከታች ግን ዛፉ ሁሉ አብቧል። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ትርሲት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

ዞራ አየችኝ። ፊቴ ላይ ያየችው ነገር ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ። ዓይኗ ውስጥ አንድ በር ሲዘጋ አየሁ።

«ቀልድ ከሆነ ንገረኝ» አለችኝ። «ቁም ነገር ከሆነ አትላንታ ስንገባ።»

ይቺን ንግግር ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደ ደረሰኝ ኪሴ ይዣት ዞሬአለሁ፤ ራሷ ናት አትንገረኝ ያለችኝ እያልኩ። ግን ደረሰኝ ለማን ይቀርባል? ፈርታ ነው ያለችው። የፈራን ሰው እጁን ይዘው ነው የሚነግሩት። እኔ ሐይቁ ላይ ያሉትን ነጫጭ ወፎች አሳየኋትና «ያቺ የሆቴላችንን ማኔጀር አትመስልም? ከላይ አንገቷን አቅንታለች፣ ከሥር እግሯ ይርበደበዳል» አልኳት። ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ሚስ ዶሪስ ከሩቅ ቆመው አዩን፤ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።

ፓሪስ ላይ ዘነበ። ረጅም ዳቦ ገዝተን በዝናብ እየበላን ድልድይ ለድልድይ ሄድን። «ደሬ፣ በሕይወቴ እንዲህ ስቄ አላውቅም» አለችኝ። «ምን ነክቶህ ነው?» በየከተማው ለእናቷ ፖስት ካርድ ትጽፍ ነበር፤ የፓሪሱን ጽፋ ስትጨርስ ሰጠችኝ። «አንተም አንድ ነገር ጨምርላት። በደብዳቤ ካልሆነ አታውቅህም።» ካፌ ውስጥ ነን፣ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው፣ እሷ ፊት ለፊቴ ሆና ታየኛለች። «እታበባ፣ ልጅዎን አደራ እንዳሉኝ እየጠበቅኳት ነው» ብዬ ጻፍኩ። አነበበችውና እጄን ሳመችው።

አትላንታ ሐሙስ ገባን። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ መጡ። ጋሽ ታደለ በሩን ሳልቆልፍ እንዳድር ነግረውኝ ነበር። እንዳትነቃ ብለው መኪናቸውን ራቅ አድርገው ፓርክ አደረጉ። ጥቁር የለበሱ ዐሥራ አንድ ሐበሾች በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ሲያንሾካሹኩ ያየ ዘበኛ ባትሪ አብርቶ ምንድን ናችሁ አላቸው። ጋሽ ታደለ በዳኝነት ድምፃቸው «ፕሬየር ሚቲንግ» አሉት፤ እሱም ባርኔጣውን አወለቀላቸው። ይሄን የነገሩኝ ኋላ ነው። እኔ ያኔ አልጋ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ የብዙ እግር ድምፅ ደረጃውን ሲወጣ እሰማ ነበር።

እሷም ሰማች። በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው ሆኖ የሚመጣ ለአንድ ነገር ብቻ እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ብድግ ብላ ተቀመጠች። በጨለማው ውስጥ «የማን ነው?» አለችኝ። መልስ አላስፈለጋትም፤ እሷ ያለቻት አንድ ሰው ናት። «እታበባ» አለች፣ በቀስታ፣ ከሌላ ክፍል እንደምትጠራት። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

ሽማግሌዎቹ «ባለፈው ሳምንት ነው» አሏት። እኔን ለማዳን ነው። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ያዟት። ያን ጫማ እጇ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ ከዚያ በፊት ሙሾ ስታወጣ ሰምቻት አላውቅም፤

«ጫማሽን አለስልሼ፣ እግሬን አቁስዬ፣
ማን ይጫማልኛል፣ ለማን ልስጥ ብዬ።»

ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ እንደ ሰው ሁሉ ገና መስማቴ ይመስል።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሰው ምግብ እያመላለሰ፣ ካርታ እየተጫወተ፣ ትርሲትን ብቻዋን ሳይተው ቆየ። እኔም አለፈ አልኩ። አንድ ቀን ከሺፍት ስመለስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከፊቷ አበባ የተሳለበት ካርድ አለ። ከሜከን ነው።

አነበበችልኝ። «የኔ ውድ፣ ባልሽ ሉሰርን ላይ የእናትሽን ሞት ሲነግረኝ ልቤ ተሰበረ። እስካሁን ነግሮሽ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፍልሽ…» የቀረውን አላነበበችም። ካርዱን አጥፋ አስቀመጠችው።

«ሉሰርን ላይ ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

«ሮምስ?»

«አዎ።»

«ከዚህ ስንነሳስ?»

«ከዚህ ስንነሳም። ጋሽ ታደለ…»

«ጋሽ ታደለን ተዋቸው። እሳቸው ዝም አሉ። ዝም ማለት ባህላችን ነው፣ ይገባኛል። አንተ ግን ዝም አላልክም፣ ደሬ። አሳቅከኝ። የእናቴ አፈር ሳይደርቅ ዐሥራ አራት ቀን አሳቅከኝ።»

«ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «እሱ ነው የባሰው። ፎቶዎቹን ማየት አልችልም። ሁሉም ላይ እየሳቅኩ ነው።»

አልጮኸችም፣ ዕቃ አልወረወረችም፣ በነጋታው አልሄደችም። አብረን ዘጠኝ ወር ኖርን። ግን ቀልድ በተናገርኩ ቁጥር ቀና ብላ ታየኝና «ማን ሞተ?» ትለኛለች። እየቀለደች አይደለም፤ የእውነት ነው የምትጠይቀኝ። ማንም አልሞተም እላታለሁ። ማመን ትፈልጋለች፣ አትችልም። ቀስ በቀስ መቀለድ ተውኩ። ቀልዱ ሲወጣ እኔ ውስጥ ብዙም የቀረ ነገር አልነበረም። በፈረንጆቹ ክረምት ማብቂያ ዳላስ ያለችው የአክስቷ ልጅ ጠራቻትና ሄደች። ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ፣ በሆቴሉ ሸትል። ሻንጣዋን አውርጄ እጄን አውለበለብኩ። ሥራዬ ነው።

ከዚያ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ማክሰኞ ቀን በእኩለ ቀን፣ ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ ስልክ አለህ ተባልኩ። አዳራሹ ሸትል በሚጠብቅ ሰው ሞልቷል።

«ደሬ፣ ትርሲት ነኝ።»

ከሄደች በኋላ ደውላልኝ አታውቅም።

«ስማኝ። እናትህ አርፈዋል። ቅዳሜ ነው፣ ተኝተው ነው ያለፉት፣ አልተሠቃዩም። ከአትላንታ የመጣ ሰው ነግሮኝ አጣርቻለሁ። እዚያ ያሉት ሽማግሌዎች ከዓርብ በኋላ ሊነግሩህ ነው ያሰቡት፤ ዓርብ ዜግነት የምትምልበት ነው አሉኝ። እኔ አሁን ልንገርህ ብዬ ነው።»

አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣልኝም። ተንበረከክኩ፤ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ሥር፣ የስልኩ ሽቦ እስከተወጠረ ድረስ። እንግዶቹ እያዩኝ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ትርሲት አልዘጋችውም። አይዞህ አላለችኝም፣ እግዚአብሔር ያጽናህ አላለችኝም። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። እሷም እያለቀሰች እንደሆነ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሳበቃ «ዛሬ ብቻህን እንዳትሆን» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።

ዓርብ ጥቁር ከረባት አድርጌ ማልኩ። ጋሽ ታደለ ማን እንደነገረኝ ጠየቁኝ፤ አልነገርኳቸውም። አሁን እሳቸውም የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማረው። ትርሲት ዳላስ አግብታ፣ ወልዳ፣ አያት ሆናለች አሉ። ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም።

ያ ስልክ ይቅርታ ነበር ወይስ ብድር መመለስ? ስድሳን ተሻግሬም ዛሬ ድረስ እርግጠኛ አይደለሁም። እንደ ስሜቴ ይለያያል፤ ሲከፋኝ ብድር ይመስለኛል፣ ደህና ስሆን ይቅርታ። አሁን ሰው ሲሰበሰብ «ደሬ አጫውተን» ይሉኛል፣ አጫውታለሁ፣ ይስቃሉ። የቤዛ ባልም እሁድ ዕለት ሲስቅ ዕንባው መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ እሱም ቀልድ ይወዳል። ለብቻው ጠርቼ አንድ ነገር ልነግረው አስቤ ነበር፣ አልነገርኩትም፤ ሰርግ ላይ ካለ ሰው ጋር ስለ መርዶ አይወራም። ብነግረው ግን እንዲህ ነበር የምለው፤ ሚስቴ የነበረችው እኔ ሳለቅስ ስልኩን ይዛ ጠበቀችኝ፣ ምንም ሳትለኝ። እኔ ሐይቅ ዳር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እግሯ በቆሰለበት ቀን፣ ያችን ያህል ዝም ብዬ አብሬአት መቀመጥ አቅቶኝ ነው ያጣኋት።